ለሁለት ሰው የምትሆን ጀልባ

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አባቴ የጎማ ቦቲውን አጥልቆ፣ ሁለቱን መቅዘፊያዎች ትከሻው ላይ ጭኖ ከቤት ይወጣል። እኔ ደብተሩን፣ እርሳሱንና ጣሳውን ይዤ እከተለዋለሁ። ከቤታችን እስከ ግድቡ አሥር ደቂቃ ያስኬዳል። ዳር ወጥታ ያደረችውን ጀልባ ገፍቶ ውሃው ላይ ካሳረፋት በኋላ መጀመሪያ እኔን ያስገባኛል፤ ቀጥሎ እሱ ይገባና መሃል ላይ እስከቆመው የመለኪያ ምሰሶ ድረስ ይቀዝፋል። ምሰሶው ላይ የሜትርና የሴንቲ ሜትር ቁጥሮች ከታች ወደ ላይ ተጽፈዋል። ዓይኑን አጥብቦ ውሃው የነካውን ቁጥር ያያል፤ ከዚያ እኔ አጠገቡ መቀመጤን እንደረሳ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል።

«አራት ከሃያ ሁለት!»

«ጻፍኩ!»

በቃ፣ ሥራችን ይኸው ነበር። ተመልሰን ቁርስ እንበላለን፤ እሱ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ቁጥር መጻፍ አሳምሬ እችላለሁ፤ ማንበብ ላይ ግን ገና እየተንተባተብኩ ነበር። ከተማው የሚጠጣው ከዚያ ግድብ ነው፤ ስንት እንደሞላና ስንት እንደጎደለ የሚያውቀው ደግሞ አባቴ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው የእሱ ይመስለኝ ነበር። ለሰዉ የሚሰጠው ደግ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ሰው ባንቧ ከፍቶ ምስጋና ሳያቀርብ ሲጠጣ ባየሁ ቁጥር ይከፋኝ ነበር።

የጣሳው ሥራ የእኔ ነበር። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ወረቀቱ ተልጦ አፉ ዝጓል። ጀልባዋ ከሥሯ ውሃ ታስገባለች። ምሰሶው ጋ እስክንደርስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይደርሳል፤ እኔ እየጨለፍኩ እደፋለሁ።

«ምን ሆና ነው አባዬ?»

«ጠምቷት ነዋ። ሌሊቱን ደረቅ ላይ አድራ ውሃ ስታይ አያስችላትም። አንቺ ደግሞ ብዙ አታጠጫት።»

ስለዚህ ጀልባ ሁሉ ቀዛፊ፣ ጸሐፊና ጨላፊ ያለው ነገር ነው ብዬ አመንኩ። እኔ ሁለቱን ሹመት ደርቤ ይዤ ነበር።

ያን ጊዜ የከተማችን ሰው መዝናናት የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ይዝናና ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ግድቡ ይወርዳል። ሴቶቹ ከግድቡ በታች በሚወርደው ወራጅ ውሃ ልብሳቸውን አጥበው ቁጥቋጦ ላይ ያሰጡና እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ጋደም ብለው ሰው ያማሉ። ጡረተኞቹ ዛፍ ሥር ዳማ ይጫወታሉ፤ ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ። ልጆች ጠጠር በውሃው ፊት ላይ ያስነጥራሉ። ፀጉር አስተካካዩ በቁምጣ ይዋኛል፤ ሲወጣም እንደ ውሻ ተራግፎ ሁሉንም ያርሳል። ማንም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ከዚያ አዲሱ አስተዳዳሪ መጣ። ስለ መዝናኛ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ነበር የመጣው። ሁለት ድንጋይ ተደራርቦ ካየ ሳይወጣበትና ንግግር ሳያደርግበት ስለማያልፍ ፀጉር አስተካካዩ «መድረክ» የሚል ስም አወጣለት።

መድረክ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሕዝቡን ትክ ብሎ አየና፣ «እናንተ አትዝናኑም!» አለ። ሰዉ አንገቱን ደፋ፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ባይገባውም። «ውሃ አለን። ሣር አለን። አየር አለን። የጎደለን አደረጃጀት ነው! ከሁለት ወር በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት እንግዶች መጥተው ሕዝባችን እንዴት እንደሚዝናና ይመዝናሉ። ካለፍን የመዝናኛ ከተማ እንባላለን።»

ኮሚቴ ተቋቋመ። በሳምንቱ ግድቡ ዙሪያ አሥራ አንድ ሰሌዳ ተተከለ። ልብስ ማስጣት ክልክል ነው፤ ገጽታ ያበላሻል። ዳማ መጫወት ክልክል ነው፤ ጭቅጭቅ ያስነሳል። መዋኘት ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። አሥራ አንደኛው ሰሌዳ ላይ ቀስት ተስሎ «መዝናናት በዚህ በኩል» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀስቱ የሚያመለክተው አንድ ጥላ የሌለው ሜዳ ነው።

ልምምድ በየእሑዱ ሆነ። መድረክ በእጁ ወረቀት ይዞ ሥራ ያከፋፍላል።

«አንተ ዓሣ ታጠምዳለህ።»

«ጌታዬ፣ ይሄ ግድብ እኮ ዓሣ የለውም።»

«ታጠምዳለህ አልኩ እንጂ ትይዛለህ አልኩ? አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እሑድ እሑድ እዋኛለሁ።»

«ዋና ቀርቷል። አንተና ባለቤትህ ሣሩ ላይ ተቃቅፋችሁ ትቀመጣላችሁ።»

«ኧረ ጌታዬ! እኔ እዚህ የምመጣው እሷን ሸሽቼ ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ። ሚስቱ በነጠላ ጫማዋ መታችው። መድረክ ግን አልሳቀም። ወረቀቱ ላይ «ሳቅ፦ ጥሩ ነው፤ በቀኑ ይደገም» ብሎ ጻፈ።

እኔም ሥራ ደረሰኝ። በየጠዋቱ ውሃ ላይ «ጻፍኩ!» እያልኩ የተሳለ ድምፅ ስላለኝ የተማሪዎች መሪ ሆንኩ። እኔ ከፊት ቆሜ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» እላለሁ፤ ከዚያ ተማሪው፣ ከዚያ ደግሞ ሕዝቡ በሙሉ እኔ ያልኩትን ሦስት ጊዜ ይደግማል። ርዕሰ መምህሩ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፦ «ከልጅቷ አፍ የወጣውን፣ እሱኑ! ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ!»

የቀረው ጀልባ ነበር። በከተማው ያለችው ጀልባ ደግሞ የእኛዋ ብቻ ነች። አንድ ጠዋት ቁጥር ጽፈን ስንመለስ መድረክ ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

«እንግዶቹን በዚች ታዞራቸዋለህ» አለው አባቴን። «ሦስቱ እንግዶች፣ እኔ፣ ፎቶ አንሺው፣ አንተ።»

«ጌታዬ፣ ጀልባዋ ለሁለት ሰው የምትሆን ነች።»

«ስድስት ሰው ጭነህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እንደማትችል በምን አወቅክ?»

 አባቴ ረጋ ብሎ፣ «ደብዳቤም ጽፌያለሁ፤ ስድስት ጊዜ» አለ። መድረክ «ይታያል» አለና ሄደ። ስድስት ደብዳቤ መጻፍ ትልቅ ነገር መሰለኝ። አባቴ ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር የሚጻጻፍ መስሎኝ ያን ቀን ክፍል ውስጥ አወራሁ።

ቀለም ቀቢው ጀልባዋን ሰማያዊ ቀባት። አባቴ በጎኗ በሚስማር ጭሮ ያሰመራት መስመር ነበረች፤ ውሃው እዚያ ከደረሰ መመለስ አለብን የምትል መስመር ነች። እሷም አብራ ተቀባች። ቀለም ስለተረፈው ቀለም ቀቢው እስከ ምሰሶው ድረስ ሄደና እሱንም አስጌጠው። የደበዘዙትን ቁጥሮች አጥፍቶ በትልልቁ፣ በሚያምር እጅ፣ ከላይ ወደ ታች እንደገና ጻፋቸው፤ አንድን ከላይኛው ጫፍ ጀመረ። አባቴ ይህን ሲያይ ወደ ቀለም ቀቢው ሄደ።

«ለምን ገለበጥከው?» ብሎ ጠየቀው።

«እንዴ! ሰው ሲጽፍ ከላይ አይደል እንዴ የሚጀምረው?» አለ ቀለም ቀቢው፤ ቅር እያለው።

ቀኑ ደረሰ። እናቴ አዲስ ቀሚስ ሰፍታልኛለች። ሁላችንም በየተመደብንበት ቦታ ቆመናል። ለእያንዳንዱ ሰው የዕለቱ ፕሮግራም የታተመበት ወረቀት ታደለ፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት መዝናናት፣ ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ንግግር፣ ከዚያ እንደገና መዝናናት ይላል አሉ። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ስላለቀበት ፕሮግራሙ የታተመው አንድ ፊቱ በተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። የእኔን ገልበጥ ሳደርገው የአባቴን እጅ ጽሑፍ አየሁ። የአባቴን እጅ ጽሑፍ ሳላነበውም አውቀዋለሁ፤ የተያያዘና ወደ ቀኝ ያዘመመ ነው። ልቤ በኩራት ዘለለ። ይህን ሁሉ በዓል የጻፈው አባቴ ነው ለካ! ወረቀቱን አራት አጥፌ የቁጥር ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

እንግዶቹ መጡ። የሚያበራ ጫማ አድርገዋል። ዓሣ አጥማጁ ክሩን ጣለ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱን አቀፈ፤ ሳቅ በተባለበት ሰዓት ተሳቀ። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ወረዱ። መድረክ ሊገባ ሲል ጣሳውን አየና በሁለት ጣቱ አነሳው።

«ይሄ ቆሻሻ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ አስፈላጊ…»

«ለእንግዳ በዝገት ጣሳ ውሃ ልታጠጣ ነው?» አለና ወረወረው። ጣሳው ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ።

አባቴ እኔን አየኝ። ከዚያ አንድ በአንድ የሚገቡትን አየ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጌታዬ፣ ስድስት ሆነናል እኮ» አለ።

«ፈገግ በል» አለው መድረክ።

ሄዱ። ጀልባዋ ከወትሮዋ ዝቅ ብላ ነበር። ጣሳውን አነሳሁ። ያለ ጨላፊ ጀልባ እንደማይሄድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አባቴ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደረሳ ገረመኝ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ጣሳው!»

ተማሪው በአንድ ድምፅ፣ «ጣሳው! ጣሳው! ጣሳው!» አለ። ቀጥሎ ሕዝቡ በሙሉ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጡረተኞቹ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ «ጣሳው! ጣሳው! ጣሳው!» አሉ። ተራራው መልሶ አስተጋባው። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው እጃቸውን አውለበለቡ። እኔ እያለቀስኩ እንደገና ጮህኩ፤ ከተማው እንደገና ደገመው። እንዲህ ያለ የጋለ አቀባበል የትም አላየንም ብለው በኋላ በሪፖርታቸው ጽፈዋል አሉ።

ወደ ምሰሶው መንገድ እኩሌታ ላይ እንግዶቹ እግራቸውን ማንሳት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ጫማ፣ ቀጥሎ ሁለት። ያን ጊዜ አባቴ መንገዱን ለቀቀ። ጀልባዋን ወደ ግራ አዞረና ባለ በሌለ ኃይሉ፣ ሸንበቆ ወደበቀለበት ጭቃ እየቀዘፈ ሄደ። በየቀኑ የሚሄድበትን ቀጥተኛ መንገድ ትቶ! ከሸንበቆው ሃያ እርምጃ ሲቀራት ጀልባዋ ቀስ ብላ፣ ያለ ጫጫታ ከሥራቸው ወረደች። እንግዶቹ ወገባቸው ድረስ በጭቃ ውሃ ውስጥ ቆሙ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን፣ መድረክ ንግግሩን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

 ሜዳው ላይ ፀጉር አስተካካዩ ከሚስቱ ክንድ ሥር ራሱን አውጥቶ፣ «እህ! አሁን ገና ተዝናናሁ» አለ።

እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። አባቴ በሰው ሁሉ ፊት መንገድ ሳተ። ለብዙ ዓመታት አባቴ ጎበዝ ቀዛፊ አይደለም ብዬ አምን ነበር። መሃሉ ከአራት ሜትር በላይ ጥልቀት እንደነበረው፣ አባቴም ያን ውሃ አሥራ አንድ ዓመት ሲለካ ኖሮ ሰው የማይሰምጥበትን ቦታ ከነእርምጃው እንደሚያውቀው የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ከስድስቱ ዋና የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። እናቴ በእጄ ይዛኝ ሄደች። አባቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ጀልባዋ ትጠገን ብዬ» አለ።

ጸሐፊዋ ፋይሉን ገለበጠች። እንደገና ገለበጠች። «የለም» አለች፤ ቀና ሳትል።

መድረክ ወደ እኔ ዞረና ከረሜላ ሰጠኝ። «ነይ እስቲ ሚጢጢ። አባትሽ ጀልባዋ ውሃ እንደምታስገባ ያውቅ ነበር?»

እናቴ እጄን ጨመቀችው። ቀጥ ብለሽ ቁሚ ማለቷ መሰለኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አዎ! በደንብ ያውቃል! በየቀኑ ታስገባለች፤ እኔ ነኝ የምጨልፈው!» አልኩ። «አንዳንድ ቀን አርባ ጣሳ!»

ያን ያህል የሚያውቅ አባት ያለው ሌላ ልጅ አልነበረምና ሁሉንም ነገርኳቸው። መድረክ «እያወቀ» የሚለውን ቃል ለጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ አጻፋት። አባቴን አየሁት፤ ወለሉን እያየ ነበር። ቀና ሲል ፈገግ አለልኝ። ስንወጣ፣ «በሒሳብ ጎበዝ ነሽ፤ አርባ ትክክል ነው» አለኝ።

ከሥራ ተሰናበተ። መድረክ በስብሰባው መዝጊያ ላይ «ከእንግዲህ ይረፍ» ሲል ስለሰማሁ ሽልማት መሰለኝ። ክፍል ውስጥ አባቴ ሳያቋርጥ እንዲዝናና የተፈቀደለት የከተማው የመጀመሪያ ሰው መሆኑን አወራሁ። እናቴ በዚያው ሰሞን የሰው ልብስ መተኮስ ጀመረች። የከሰል ካውያ የምትወድ መሰለኝ።

በምትኩ የመድረክ የእህት ልጅ ውሃ ለኪ ሆነ። ከዳር ቆሞ፣ ያማረውን አዲሱን ቁጥር በሩቁ እያየ ይጽፋል። በጋው ገብቶ ውሃው በሸሸ ቁጥር ምሰሶው ላይ የሚነካው ቁጥር ይጨምራል። ግድቡ እየደረቀ ሲሄድ ሪፖርቱ እየሞላ ሄደ። መድረክ በበጋ ውሃ የሞላ ብቸኛ አስተዳዳሪ ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

እኛ ግን ጠዋት ጠዋት መሄዳችንን አልተውንም። ጀልባ የለም። አባቴ በግድቡ ግንብ ላይ እጄን ይዞኝ ይሄዳል፤ ከውሃው በላይ የወጣውን የድንጋይ ድርድር ይቆጥርና በሐሳቡ አስልቶ ይጠራል።

«ሁለት ከስምንት!»

«ጻፍኩ!»

አንድ ቀን ባንቧው ሁሉ ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። መድረክ ባዶ ባልዲ የያዘ ሕዝብ ፊት ቆሞ «በሪፖርቱ መሠረት ውሃ አለ!» እያለ ሲናገር ዋለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እቤታችን መጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ላይ ሳይወጣ ተናገረ።

«ቁጥር አለህ ይባላል።»

አባቴ ደብተሬን አመጣ። ሲሰጠው አራት የታጠፈ ወረቀት ከመሃሉ ወደቀ። አነሳውና ዘረጋው። ጀርባውን አየ። መድረክ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ክንዱን ቢዘረጋ ይደርስበታል። እናቴ ካውያዋን አየር ላይ አንስታ ቆመች። አባቴ ወረቀቱን በመታጠፊያው መልሶ አጠፈና ለእኔ ሰጠኝ።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ። «አትጣይው።»

ደብተሩ ተወስዶ ቀረ። ምሰሶው ተስተካክሎ ተጻፈ። አባቴ ወደ ሥራው አልተመለሰም። የመዝናኛ ኮሚቴው በዚያው ሳምንት የውሃ ቁጠባ ኮሚቴ ሆነ፤ አባላቱ እነዚያው ናቸው።

ወረቀቱን ዳግም የዘረጋሁት አባቴን በቀበርን በሳምንቱ ነው፤ ሌላ ከተማ ተምሬ፣ አግብቼ፣ ራሴ መምህር ከሆንኩ በኋላ። ዓይኔ ፊደሉን አልይዝ ሲለኝ ባለቤቴ ተቀብሎ አነበበልኝ። ስድስተኛው ደብዳቤ ነበር። «ጀልባዋ ለሁለት ሰው የምትሆን ናት፤ ውሃም ታስገባለች። እስካሁን የሠራሁት ልጄ በጣሳ እየጨለፈች ስለምትረዳኝ ነው። ለራሴ ግድ የለኝም፤ ልጅቷ ግን ዋና አትችልም።»

«ማስረጃው በእጁ ነበር» አልኩት። «ለምን አላሳየውም?»

ባለቤቴ ወረቀቱን ገልብጦ ፕሮግራሙንም አነበበ፤ መዝናናት፣ ንግግር፣ እንደገና መዝናናት የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ እኔንም አሳቀኝ። ከዚያ፣ «ቢያሳየው ኖሮ በዚያች ደቂቃ አንቺም ታውቂ ነበር» አለ። «የመሰከርሽበትንም፣ ሲፈለግ የነበረውን ወረቀት ደብቀሽ የያዝሽውንም። ሰባት ዓመትሽ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ከመስኮታችን ሥር ያለው የጎረቤት የውሃ በርሜል ብቻ ነው። ዓይኑን አጥብቦ አየውና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አራት ከሃያ ሁለት!» አለ።

«ጻፍኩ» አልኩት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ።

ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ አደርን። በርሜሉ ሲጎድል ቁጥሩን ይቀንሳል፤ ሲዘንብ ይጨምራል። እስካለፈው ዓመት ድረስ አንድም ቀን ዘሎ አያውቅም።

ወረቀቱ አሁንም አለ። ጣሳውም አለ፤ እርሳስ አስቀምጥበታለሁ። በርሜሉ ቦታው ላይ ነው። ቁጥር የሚጠራ ሰው የለም።